ኢንጂነር ሆይ፣ ኤምቢኤህ ይባረክልህ

እንኳን ደስ አለህ ኢንጂነር! አሥራ ምናምን ዓመት አርማታ ስታስሞላ፣ ፌሮ ስትቆጥር፣ ከኮንትራክተር ጋር አንገት ላንገት ስትተናነቅ ኖረህ ይኸው ሥራ አስኪያጅ ሆንክ። ካልኩሌተርህን ልጅህ ወስዶታል። ፕላን ይዘረጋበት የነበረው ጠረጴዛህ ላይ ቃለ ጉባኤ ተከምሯል። እንዲህ ተደላድለህ ሳለህ "ማስተርስ መማር አለብኝ" ማለትህ ያስመሰግንሃል። መማርን ማን ይጠላል?

እኔን አፌን ያስያዘኝ አመራረጥህ ነው። አምስት ዓመት ተቀምጠህ አፕላይድ ማቲማቲክስ ሦስትን ያለፍክ፣ የአፈር ምርመራ ሳይደረግ መሠረት አይቆፈርም ብለህ ኮንትራክተር ያስለቀስክ፣ አንድ መኪና አሸዋ ለመቀበል እፍኝ አንስተህ እያሸህ ጭቃ አለው የለውም ስትል ግማሽ ቀን የምታስቆም ሰው፣ የሁለት ዓመት ዕድሜህን የምታፈስበትን ትምህርት ለመምረጥ የባቻችሁን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተህ "ጓዶች፣ ማትስ የሌለበት የትኛው ነው?" ብለህ ጻፍክ። ትሕትና ማለት ይሄ ነው። ሌላው ቢሆን በሂሳብ ተመርቄ በሂሳብ በልቼ ብሎ ይኮፈስ ነበር።

መልሱ ጎረፈ። አንዱ "ኤምቢኤ ያዝ፣ የንግድ አስተዳደር ማስተርስ፣ የትም ያስገባል" አለህ። ሌላው "ፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ ስሙ ከሥራህ ጋር ይሄዳል" አለ። ሦስተኛው ሊደርሺፕን መከረህ፣ አስተማሪዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አያስጨንቁም። አራተኛው ደግሞ ከሁሉም ያስተዋለ ነው፦ "እኛ ጋ ና፣ መኪና ማቆሚያ አለው።" ምን ማወቅ ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀህ ባለጌ ግን አልነበረም። ጓደኞችህ ጨዋ ናቸው።

ከዚያ ወደ ስሌቱ ገባህ። ያየኸው ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ለመጀመሪያ ዲግሪ 10 ዓመት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ 8 ዓመት የሥራ ልምድ ይላል። አንተ 14 ዓመት አለህ። ስለዚህ የሁለት ዓመት ልምድ የሚተካልህን ወረቀት ለማግኘት ሁለት ዓመት ትማራለህ፣ ሥራህን ስላልለቀቅክ ስትመረቅ ልምድህ 16 ይሆናል፣ የሚፈለግብህ ግን ወደ 8 ይወርዳል። ስምንት ዓመት ትርፍ! ያው ትርፉን የሚገዛህ የለም እንጂ። ብቻ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ደጋግሜ ሠርቼ አይቼዋለሁ።

ትምህርት ሚኒስቴር የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማምጣቱ ትንሽ አስቀይሞህ ነበር። ሥራ አስኪያጅ የሚያህል ሰው ከትናንት ተመራቂ ጋር ወረፋ ይዞ ይፈተን? ተፈተንክ። ፐርሰንትና ሬሾ ያስጠናችህ የስምንተኛ ክፍል ልጅህ ናት፤ እሷም መመስገን አለባት። (እህቶቼ፣ አንተ አንተ ስል እናንተን የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። እናንተ ሴት ኢንጂነሮችንም ሰልፉ ላይ አያችኋለሁ፣ ፋይላችሁን አቅፋችሁ።)

ኤምቢኤ የሚባለውን ትምህርት ሃርቫርድ በ1908 እንደ ፈረንጆቹ ሲጀምር ንግድ የሚመሩ ሰዎችን ለማፍራት ነበር። አንተ አሻሽለኸዋል። ሳትሸጥ፣ ሳትገዛ፣ ያለፈውን ዓመት የሒሳብ ሪፖርት "ፋይናንስ ያየዋል" ብለህ ሳትገልጥ፣ በመንግሥት በጀት እየሠራህ የንግድ አስተዳደር ማስተር ሆንክ። በዚያ ላይ የሥነ ልቦና ምሁሩን ማስሎውን አወቅከው። ሰውየው በ1943 ያወጣው የፍላጎት መሰላል ኦርጋናይዜሽናል ቢሄቪየር ላይ መጣ፣ ሂውማን ሪሶርስ ላይ መጣ፣ ማርኬቲንግ ላይ መጣ፣ ሊደርሺፕ ላይ ሲመጣማ ከክፍል ጓደኞችህ ጋር እንደ ዘመድ ሰላም አላችሁት። ፈተና ላይ "የሠራተኛው መሠረታዊ ፍላጎት ሳይሟላ ትጋት አይጠበቅም" ብለህ ጽፈህ ኤ አመጣህ። የሳይትህ የቀን ሠራተኞች ሒሳብ ሳይከፈል ሁለት ወር ሆኖታል። ቢሆንም ንድፈ ሐሳቡ ገብቶሃል።

የኮዳክ ፕሬዘንቴሽንህን መቼም አልረሳውም። ስቲቭ ሳሰን የሚባል የፊልምና ካሜራ ኩባንያው የኮዳክ ወጣት ኢንጂነር በፈረንጆቹ 1975 ዲጂታል ካሜራ ሠርቶ ለአለቆቹ አሳየ። አለቆቹ በፊልም ሽያጩ ረክተው ነበርና ነገሩን አቀዘቀዙት፤ ኩባንያው በ2012 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። አንተ ከረባትህን አስተካክለህ ቆመህ "የወጣት ባለሙያን ድምፅ የማይሰማ አመራር መጨረሻው ይህ ነው!" ስትል ክፍሉ አጨበጨበ። ሰኞ ጠዋት አንድ ወጣት ኢንጂነር ቢሮህ መጥቶ "አለቃ፣ የውኃ መውረጃው ዲች ሌቭል ተሳስቷል፣ ውኃው ወደ መንገዱ ነው የሚመለሰው" አለህ። "ስብሰባ አለብኝ፣ በኢሜይል ላክልኝ" አልከው። ላከ። ኢሜይሉ አሁንም እዚያው ክረምቱን እየጠበቀ ነው።

ግሩፕ ወርኩን ባንክ የምትሠራ አንዲት ልጅ ለስድስታችሁም ሠርታ ጨርሳዋለች። አንተ ምሳ ጋበዝክ። ይህም ሊደርሺፕ ነው።

ጥበብህ አብቦ የወጣው ግን የመመረቂያ ጥናቱ፣ ቴሲሱ ላይ ነው። ርዕስህ "የግንባታ ፕሮጀክቶች መዘግየት መንስኤዎች"፤ የጥናቱ ቦታ ደግሞ የራስህ መሥሪያ ቤት። እንዴት ያለ ድፍረት ነው! መንስኤው ራሱ ተነሥቶ መንስኤውን ሊያጠና። ዓርብ ለፊርማ የመጣው የኮንትራክተሩ የክፍያ ሰርተፍኬት ቅዳሜ ክፍል ስለሆንክ ሰኞ ይደርሳል፣ ሰኞ ፈተና ስላለብህ ማክሰኞ ይባላል፣ ማክሰኞ አድቫይዘርህ ጠርቶሃል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወረቀቱ ጠረጴዛህ ላይ ሲከርም ኮንትራክተሩ ሲሚንቶ መግዣ አጥቶ ሥራ ያቆማል። አንተም ሄደህ በመስክ ምልከታ ታረጋግጣለህ። ለሳይንስ ብሎ ፕሮጀክት የሚያቆም ተመራማሪ እንደ ልብ አይገኝም።

መጠይቁን ለበታቾችህ በተንክ። ከ1 እስከ 5፣ ከ"በጣም አልስማማም" እስከ "በጣም እስማማለሁ"። ከጥያቄዎቹ አንዱ "የአመራሩ ውሳኔ መጓተት ለፕሮጀክቱ መዘግየት ምክንያት ነው" ይላል። በአንድ እጁ መጠይቁን፣ በሌላ እጁ አንተ የምትፈርምበትን የዓመት ፈቃድ ወረቀት የያዘ ሠራተኛ ምን ይመልስ? በጣም አልስማማም። በአንድ ድምፅ አልተስማሙም። ያልተመለሰውን መጠይቅ ጸሐፊህ እስክሪብቶ እየቀያየረች ሞላችልህ። ቀጥሎ ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር የሚያውቅ ልጅ ተፈለገ፤ ስልኩ መብራት ምሰሶ ላይ "ሪሰርች እናማክራለን" ከሚለው ወረቀት ተገኘ። መልሶቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚለካው የክሮንባኽ አልፋ ከ0.7 በላይ ወጣ ብለህ ደውለህ አበሠርከኝ። ይውጣ እንጂ! አንድ ሰው የሞላው መልስ እርስ በርሱ ካልተስማማ ማን ሊስማማ ነው?

ምዕራፍ አምስት ላይ ስደርስ ዕንባዬ መጣ። ግኝት፦ መዘግየት ወጪ ይጨምራል። ምክረ ሐሳብ፦ የሚመለከተው አካል አስፈላጊውን ትኩረት ይስጥ። የሚመለከተው አካል ማን ሆነና? አንተው ነህ። ለራስህ ደብዳቤ ጽፈህ፣ ለራስህ መርተህ፣ ጠረጴዛህ ላይ ከሰርተፍኬቱ ሥር አስቀመጥከው። ፈታኞቹም "ቬሪ ጉድ" አሉህ።

መቼም በየመሥሪያ ቤቱ ነገር የማይገባው አይጠፋም። አንዱ ጓደኛችን፣ እሱም እንዳንተ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ማስተርስ ከመመዝገቡ በፊት ዓመቱን ሙሉ ያቃተውን ነገር ወረቀት ላይ ጻፈ። ያቃተው የኮንትራት ክርክር ሆኖ አገኘው። ኮንትራክተሩ የጊዜ ማራዘሚያና ተጨማሪ ክፍያ በጠየቀ ቁጥር ስብሰባ ላይ በጩኸት ነበር የሚመልሰው። ሄዶ የግንባታ ሕግ ተማረ። በፈረንጆቹ 1999 በወጣው ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ናሙና፣ በፊዲክ ቀይ መጽሐፍ፣ ኮንትራክተሩ ጥያቄ እንዳለው በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል የሚለውን አንቀጽ ድሮም ፋይሉ ውስጥ ነበረው፤ አሁን ያነበዋል። ድሮ በጩኸት ሁለት ሰዓት የሚፈጀውን ስብሰባ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ይጨርሰዋል። ምን ዋጋ አለው? ስብሰባ ከሌለ አበል የለ።

ሌላዋ ደግሞ የባሰች ናት። የምትመራው ቡድን የሚሠራቸው ሕንፃዎች ቦሌ አካባቢ ጥቁር ሸክላ አፈር ላይ ናቸው፤ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ወለልና አጥር ይዞ የሚነሣ አፈር። ኃላፊ ከሆነች በኋላ፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ የአፈር ምህንድስና፣ ጂኦቴክኒክ፣ ልትማር ተመለሰች። ሂሳብ ያለበት! ላብራቶሪ ያለበት! "የማይገባኝን ሪፖርት መፈረም ሰለቸኝ" ነው የምትለው። ሰው ይስቃል። እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ አፈር ትሰልቃለች።

ሦስተኛው ማስተርሱንም ተወውና ፒኤምፒ የሚባለውን የፕሮጀክት አስተዳደር የሙያ ምስክር ወረቀት ያዘ። ለሱ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት መምራትና 35 ሰዓት ሥልጠና ነው፣ ከዚያ ፈተና። 35 ሰዓት ብቻ! ጋዋን የለው፣ ቆብ የለው፣ አደባባይ ላይ የሚሰቀል ፎቶ የለው። እናቱ እስካሁን ምን እንደተማረ አልገባቸውም።

አንተ ግን በወጉ ተመረቅህ። ባነርህ መግቢያው ላይ ተሰቀለ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ፕሮጀክቱን ሁለቱን ዓመት ይዞልህ የቆየው ምክትልህ አበባ ይዞ መጣ። የዳይሬክተርነቱ ቦታም ወጣልህ። ምክትልህም ተወዳድሮ ነበር፤ ሥራውን በደንብ ያውቀዋል ግን ወረቀቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ሆነበት። "ልምድ ብቻውን አይበቃም" ብለህ ያጽናናኸው አንተ ነህ፤ አዛኝ ነህና።

አሁን ደግሞ ዲቢኤ፣ የንግድ አስተዳደር ዶክትሬት፣ መጀመርህን ሰማሁ። ምዝገባው ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፣ ቢሆንም የበሩ ታፔላ ከወዲሁ ታዟል፣ ምክንያቱም ታፔላ ቤትም ይዘገያል፣ ይህን በጥናት ታውቃለህ። "ዶ/ር ኢንጂነር" ይባል ወይስ "ኢንጂነር ዶ/ር" የሚለው ለማኔጅመንት ስብሰባ ቀርቦ በይደር ተይዟል። ታፔላ የሚሠራው ልጅ ከሰዓት በኋላ ደውሎ ነበር። ሙሉ ስምህ፣ ዶክተሩ፣ ኤምቢኤው፣ ዳይሬክተሩ ሲደመር ቦታ አልበቃውም። "ኢንጂነር የምትለዋን ላውጣት?" ይላል።