ቬሪሎግ ኤኤምኤስ አናሎጉን ኤፍፒጂኤ ላይ አይጭንልህም

ወንድሜ፣ «አናሎጉንም በቬሪሎግ ኤኤምኤስ (የዲጂታልና የአናሎግ ሰርኪዩት ባህሪን በኮድ መግለጫ ቋንቋ) ከጻፍኩት ኤፍፒጂኤው (ዲጂታል ሰርኪዩት በኮድ የሚቀረጽበት ቺፕ) ራሱ ይሠራዋል» ያልከው ልክ አይደለም፣ እዚህ ባህር ዳርም ብዙ ልጆች እንደዛ ሲሉ ስለምሰማ ነው ዝም ያላልኩት። አናሎግ ብሎክ ውስጥ የምትጽፈው የቮልቴጅና የከረንት ኢኩዌሽን ነው፣ ሲሙሌተሩ (ሰርኪዩቱን ኮምፒውተር ላይ የሚሞክረው ፕሮግራም) በየታይም ስቴፑ ይፈታዋል እንጂ ወደ ጌት (የዲጂታል ሰርኪዩት መሠረታዊ ክፍል) የሚቀየር ነገር የለውም፣ ሲንተሳይዝ የሚሆነው፣ ማለትም ከኮድ ወደ ጌት የሚቀየረው፣ ዲጂታሉ ብቻ ነው። የቆጋ መስኖን የውሃ ከፍታ የሚለካ ሰርኪዩት ብትሠራ ሴንሰሩም አምፕሊፋየሩም ኤዲሲውም (አናሎጉን ወደ ዲጂታል ቁጥር የሚቀይረው) የሚዳሰስ ዕቃ መሆን አለባቸው (አንዳንድ ኤፍፒጂኤ ኤዲሲ ይዞ ይመጣል፣ እሱም ቢሆን በኮድ የተፈጠረ አይደለም)። ደግሞ በቬሪሎግ ኤኤምኤስ የጻፍከው ሞዴል ያልጻፍክበትን አያውቅም። በ3.3 ቮልት የሚሠራ 12 ቢት ኤዲሲ አንዷ ስቴፑ (የሚለያት ትንሿ ልዩነት) 0.8 ሚሊቮልት ገደማ ናት፣ ሞዴሉ ውስጥ ኖይዝ (የሲግናል ረብሻ) ካላስገባህበት ስክሪኑ ላይ ንጹህ ያየኸው ቦርዱ ላይ ሲዘል ታገኘዋለህ።