ዘፋኟ ከሌለች ኦፔራው አለ?

ክርክሩ የተነሳው ልምምድ አልቆ ወንበር እየሰበሰብን ሳለ ነው። ወጣቷ ሶፕራኖ (ከፍተኛውን የሴት ድምፅ የምትዘፍነው) ለሚቀጥለው ኮንሰርት፣ ራሷ ደርሳ ራሷ ከምትዘፍነው ከሜሬዲት ሞንክ ሥራ አንድ ልዝፈን አለች። የድምፅ መምህራችን ቀና ብለው፣ "እሱ የራሷ ነው፣ ተይው" አሏት። ከዚያ በኋላ ወንበር የሚያነሳ ጠፋ።

"እንዴት ጋሼ? ኦፔራ እኮ ነው የደረሰችው።"

"እሷ በጉሮሮዋ ነው የምትደርሰው። ኖታው ኋላ ነው የሚመጣው፣ ከመጣም። ለራሷ በልኳ የተሰፋ ልብስ ነው። ሌላ ሰው ሲያጠልቀው ወይ ይሰፋዋል ወይ ይጠበዋል።"

ከመሬት ተነስተው አይደለም እንዲህ ያሉት። ሞንክ ድምፃዊት፣ የሙዚቃ ደራሲና የመድረክ ዳይሬክተር ናት። ሥራዋን ለባልደረቦቿ ስታስተላልፍ የኖረችው በአብዛኛው ዘፍና እያሰማች፣ እያስደገመች ነው። "አትላስ" የተባለው ኦፔራዋ እ.ኤ.አ. በ1991 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው) በሂዩስተን ግራንድ ኦፔራ ታየ። አብዛኛው ዘፈኑ ቃል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ባለታሪኳን አሌክሳንድራን በሦስት ዕድሜ ሦስት ሰዎች ይጫወቷታል። የጎልማሳነቷን ክፍል የዘፈነችው ሞንክ ራሷ ነበረች።

ፒያኒስቱ ጣልቃ ገባ። "የ2019ኙስ? የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ በሌላ ዳይሬክተር፣ በሌሎች ዘፋኞች አሳየው። እሷ መድረክ ላይ አልነበረችም። ኦፔራው ግን ራሱን ችሎ ቆመ።"

"ደራሲዋ በሕይወት እያለች ነዋ! የጠፋባቸው ሄደው ይጠይቋታል። ከ50 ዓመት በኋላ ንገረኝ።"

ልጅቷ ግን ልብሱን አልለቀቀችም። "ሞዛርት እኮ በ1778 ለአባቱ ሲጽፍ፣ አሪያ፣ ኦፔራ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሚዘፍነው ማለት ነው፣ ለዘፋኙ እንደ ልብስ ልክክ ሲልለት ደስ ይለኛል ብሏል። የሞዛርትን አሪያ ዛሬ ማን አይዘፍንም?"

መምህሩ ዝም አሉ። እሷ ቀጠለች። ከፍ ባለ ድምፅ "ኢ" ያለበትን ቃል ዘፈነችልን። ቃሉ ምን እንደሆነ ማናችንም አልለየንም። ዜማው ላይ ሲወጣ ሶፕራኖ አፏን መክፈት ግድ ይሆንባታል። ያኔ "ኢ"ውም "ኡ"ውም ወደ "ኣ" ይጠጋሉ፣ ቃሉም ይበላል። ያንኑ ቃል ዝቅ አድርጋ ደገመችው፤ ጥርት ብሎ ተሰማ። "ራሷ የምትዘፍን ደራሲ ቁልፉን ቃል ላይኛው ጫፍ ላይ አትሰቅልብኝም። ትንፋሽ የት እንደሚያልቅብኝ ታውቃለች። ይሄ ለሷ ጉሮሮ ብቻ ነው የሚጠቅመው?"

ፒያኒስቱ የሙዚቃ ደራሲውን ሳሙኤል ባርበርን አመጣ። ባርበር ራሱ ባሪቶን፣ መካከለኛ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ ነበር። በወጣትነቱ የደረሰውን "ዶቨር ቢች" በ1935 ከስትሪንግ ኳርቴት (ከአራት ባለክር መሣሪያዎች) ጋር ራሱ ዘፍኖ አስቀረጸው። "ኸርሚት ሶንግስ"ን ደግሞ በ1953 ዋሽንግተን ውስጥ መጀመሪያ የዘፈነችው ሊዮንታይን ፕራይስ ነበረች፤ እሱ ፒያኖ ላይ ተቀምጦ። ሁለቱም ዛሬ ድረስ ይዘፈናሉ።

"ባርበር ኖታ ላይ አስቀመጠው" አሉ መምህሩ። "የዛሬዎቹ ግን ንግግሩንም ሹክሹክታውንም ሙዚቃ አደረጉት። ደራሲም ሶፕራኖም የሆነችውን ኬት ሶፐርን ተመልከቱ። 'ኢፕሳ ዲክሲት'ን ለሶፕራኖ፣ ለፍሉት፣ ለቫዮሊንና ለፐርከሽን (ለምት መሣሪያዎች) ጻፈች። የአርስቶትልንና የፕላቶን ጽሑፍ አንዴ ትናገራለች፣ አንዴ ትዘፍናለች። በ2017 ለፑሊትዘር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የሆነ ሥራ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ግን እሷን ነው የምወደው ወይስ ሥራውን? መለየት አቃተኝ።"

ለኔ የምሽቱ ትልቅ ንግግር ይሄ ነው። እንደዚያም ሆኖ በልጅቷ እፈርዳለሁ።

የሶፐር ሥራ እስከ ንግግሩ ድረስ በኖታ ተጽፏል። ዘፋኝ ሆና ያወቀችው ትንፋሽ፣ አናባቢ፣ ከንግግር ወደ ዜማ መሻገሪያው፣ ሁሉም እዚያ ገብቷል። ያ ዕውቀት አንዴ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ለማንም ዘፋኝ ይሆናል። መምህሩ መለየት ያቃታቸው ሌላ ሰው ሲዘፍነው ስላልሰሙ ይመስለኛል። ለየትኛውም ዘፋኝ "ተይው" ካልን ደግሞ መቼም አንሰማም።

ሞንክ ላይ ግን የመምህሩ ስጋት እውነት አለው። ቃል በሌለው ዘፈን ውስጥ የድምፁ ቀለም ራሱ ድርሰቱ ነው፣ ያንን ደግሞ ኖታ አሟልቶ አይዝም። ቅጂ መስማት ይረዳል፣ ግን አስመሳይ ያደርጋል። ስለዚህ እኔ ብሆን ልጅቷን ለሚቀጥለው ኮንሰርት አስገባታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከሞንክ ጋር ከዘፈኑት አንዱን ፈልጌ አገናኛታለሁ፤ ከአፏ የተማሩት ሰዎች አሁንም አሉ።