ሰባት ቤት መቁጠር ይበቃል ወይ?

የክርክሩ ሐሳብ፦ በጎጃም ገጠር ከጋብቻ በፊት የሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የደም በሽታ) ምርመራ ይጀመር። ደጋፊዋ ባሕር ዳር የምትሠራ የጤና መኮንን ናት። ተቃዋሚው ፍኖተ ሰላም የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው።

ደጋፊ፦ በሲክል ሴል የታመመ ልጅ ቀይ የደም ሴሉ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፣ ደም ሥሩን ይዘጋል። ልጁ በቁርጥማት ያለቅሳል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። ቤተሰቡም "የወፍ በሽታ ነው" ብሎ ቅጠል ፍለጋ ይሄዳል። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ተሸካሚ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማውም። ሁለት ተሸካሚዎች ከተጋቡ ግን በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ይህን ከሠርጉ በፊት ማወቅ መብታቸው ነው።

ተቃዋሚ፦ ልጄ፣ ጎጃሜ ሳያጣራ አይጋባም። ሰባት ቤት እንቆጥራለን። በዘር የሚወረስ በሽታ የሚከፋው ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ነው፤ እኛ ይህን ከጥንት አጥረነዋል። ደግሞም በሽታው የወባ አገር በሽታ ነው። ደጋው ምን አጠፋ?

ደጋፊ፦ ሰባት ቤት ዝምድናን ይቆጥራል እንጂ ደምን አያይም። አንድም ዘመድ የማይጋሩ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ። የደጋው ወጣትስ ደጋ ላይ ብቻ ነው? ለሥራ መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ መተከል ሄዶ ይጋባል፣ ይወልዳል። "ልጄ" ብለውኛል። በዕድሜ አባቴ ነዎት፤ እዚህ የመጣሁት ግን በሙያዬ ነው።

ተቃዋሚ፦ "ልጄ" በእኛ አገር ፍቅር ነው፤ ቃሌን መልሼ አልወስድም። አንቺ ግን አገሩን እወቂው። ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ዘራቸው ምንድን ነው?" የሚለው ነው። ቀጥቃጩና ሸማኔው "ቡዳ" እየተባሉ ስንት ዘመን ከጋብቻ ተገለሉ! አሁን ደግሞ "ደማቸው ማጭድ ነው" የሚባል ቤት ልትጨምሩበት ነው።

ደጋፊ፦ ሰባት ቤቱ የት ሄደ? "አጥረነዋል" ያሉትን አምኖ ሳይመረመር የሚያገባ አንባቢ አለ። መልሱልኝ እንጂ! መገለሉ እኔንም ያስፈራኛል። ግን ዛሬም ልጁ ሲታመም የምትወቀሰው እናቲቱ ናት። በሽታው ከአባትም ከእናትም እኩል እንደሚወረስ፣ ተሸካሚነት ከከባድ ወባ እንደሚከላከል ሕዝቡ ቢያውቅ ማን ማንን ይሰድባል?

ተቃዋሚ፦ ማስተማሩን ማን ከለከለ? በሰንበቴው፣ በእድሩ አስተምሩ። ውጤቱ ግን ለሁለቱ እጮኞች ብቻ ይነገር። ለሽማግሌም፣ ለቄስም፣ ለቀበሌም አይሰጥ። የኔ ነገር ይኸው ነው።

ደጋፊ፦ ለሁለቱ ብቻ? ገጠር ላይ ጋብቻውን የሚቆርጡት ወላጆች ናቸው። ልጅቷ ውጤቷን ይዛ "ይቅርብኝ" ብትል ማን ይሰማታል?

ተቃዋሚ፦ ይህ ሌላ ክርክር ነው። እኔ ሴት ልጆቼን ያለ ፈቃዳቸው አልዳርኩም።

ደጋፊ፦ ስለ እርስዎ ልጆች አልጠየቅኩም፣ መምህር። ስለ ጎረቤትዎ ልጅ ነው የጠየቅኩት።