ጀልባ ከላይ፣ መኪና ከሥር

ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ሲወርዱ፣ ግንፍሌ ድልድይ አካባቢ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የጀበና ቡና የምንጠጣባት ቦታ አለች። አምስት ስድስት በርጩማ፣ አንድ ረከቦት፣ ከላይ ሸራ። በቃ። እዚያ የምንገናኝ ሰዎች ብዙም አንተዋወቅም። ስም እንኳ አልተጠያየቅንም። ግን ጨዋታ ከተነሳ ማንም ጥሎ አይሄድም። ባለፈው ቅዳሜ የተነሳው ክርክር ደግሞ አቦሉን አልፎ፣ ቶናውን አልፎ፣ በረካውም አልበቃው።

ነገሩን ያመጣው ሹፌሩ ነው። ሚኒባስ ነው የሚነዳው። ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየን። ሰፊ መንገድ ነው፤ መኪናው ይከንፋል። ከመንገዱ በላይ ድልድይ አለ። ድልድዩ ላይ መኪና የለም፤ ባቡርም የለም። አንዲት ረጅም ጠባብ ጀልባ ቀስ ብላ ትሻገራለች።

«ይሄ ፌክ ነው» አለ። «ዘንድሮ በኮምፒውተር የማይሠራ ነገር የለም።»

«ፌክ አይደለም» አለች ተማሪዋ። አምስት ኪሎ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የምትማረው። «ለንደን ነው። ፓዲንግተን የሚባል ሰፈር ድረስ የሚሄድ የጀልባ ቦይ አለ። የከተማዋን ሰሜናዊ ቀለበት መንገድ የሚሻገረው በድልድይ ነው።»

«ጀልባ ድልድይ ላይ ምን ትሠራለች? በጎማ ነው የምትሄደው?»

«ውሃውም አብሮ ነው የሚሻገረው። ድልድዩ ራሱ ገንዳ ነው በለው። ውሃ የተሞላ ረጅም ገንዳ።»

ሹፌሩ ቪዲዮውን መልሶ አየው። «እሺ፣ ውሃውን ቻለ እንበል። ይቺ ብረት ስትመጣበትስ? አሥራ አምስት ሃያ ቶን አታንስም። እኔ ተሳፋሪ ጭኜ ከዚያ ሥር አላልፍም።»

«ጀልባዋ ስትመጣ ድልድዩ ላይ የሚጨመር ክብደት የለም» አለች።

ሁላችንም ዞር ብለን አየናት። እውነቱን ለመናገር እኔም አላመንኳትም።

ልጅቷ በቃል አልመለሰችም። ቡና የምታፈላልንን እህት የሲኒ ማጠቢያውን ሳፋ ለመነቻት። ከጎን ካለው ሱቅ ዲጂታል ሚዛን ተዋስን። ትሪ ሚዛኑ ላይ፣ ሳፋው ትሪው ላይ ተቀመጠ። አፉ ድረስ ውሃ ተሞላ፤ አንዲት ጠብታ ቢጨመርበት ይፈሳል። ሚዛኑ 4 ኪሎ ከ600 አለ። ከዚያ ግማሽ ኪሎ ስኳር ከነላስቲኩ ትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ አስቀመጠችና ሳህኑን ቀስ አድርጋ ውሃው ላይ አንሳፈፈችው። ውሃው በሳፋው ጠርዝ እየተንጠባጠበ ትሪው ላይ ወረደ። ሚዛኑ 5 ኪሎ ከ100 አለፈ።

«ይኸው!» አለ ሹፌሩ። «የታለ አይጨመርም ያልሽው?»

«ቆይ። የፈሰሰው ውሃ ትሪው ላይ ነው ያለው።»

ጨርቅ ተቀብላ ትሪው ላይ ያለውን ውሃ እየመጠጠች ወደ ውጭ ጨመቀችው። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ 4 ኪሎ ከ600 አካባቢ ሲደርስ ቆመ። የሁለት ሦስት ግራም ልዩነት ነው ያለው። ስኳሩ አሁንም ሳፋው ውስጥ ተንሳፍፎ ተቀምጧል። ቡና የምታፈላው እህት ማራገቢያዋን ይዛ ቀረች። «እንዴት ነው ነገሩ?» አለች።

ነገሩ አርኪሜዲስ ከ2,200 ዓመት በፊት ያየው ነው። ተንሳፋፊ ነገር የራሱን ክብደት የሚያህል ውሃ ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ስኳሩ ገባ፣ የስኳሩንና የሳህኑን ያህል ውሃ ወጣ።

ሹፌሩ ግን እጅ አልሰጠም። «አንቺ እኮ በጨርቅ መጠጥሽው። እዚያ ድልድይ ላይ ማን ነው የሚመጥጠው?»

ይሄን ጥያቄ በጣም ወደድኩት። መልሱ ያለው ቦዩ ላይ ነው። ያ ቦይ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም ከፍታ ሳይቀይር ነው ፓዲንግተን የሚደርሰው። ጀልባዋ ድልድዩ ላይ ስትወጣ የምትገፋው ውሃ ድልድዩ ላይ አይቆለልም፤ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ርዝመት ላይ ሲሰራጭ ከፍታው በዓይን አይታይም።

እስካሁን ዝም ብለው ያዳምጡ የነበሩት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዕድሜያቸውን በውሃ መስመር ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። «የኔ ልጅ፣ ድልድዩን በዚህም በዚያም በበር ዘግተሽ ጀልባዋን በክሬን ብታስገቢያትስ?»

«ያኔ ይጨመራል፣ ጋሼ» አለች ወዲያው። «ውሃው መሄጃ ካጣ ክብደቱ እዚያው ይቀራል። ያኔ እሱ ልክ ነው።»

ሹፌሩ ይሄን ሲሰማ ትንሽ ለቀቅ አለ። ግን ሌላ አመጣ። «ክብደቱ ይቅር። ፍትሑስ? በዚያ መንገድ በሰዓት ስንት ሺህ መኪና ያልፋል? ጀልባዋ አንድ ናት፣ ያውም ለሽርሽር። ለምን መኪናው ነው ጎንበስ ብሎ ከሥር የሚያልፈው?»

«ውሃ ዳገት አይወጣማ» አሉ ጋሼ። «መኪናህ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል። ውሃን ግን አንድ ሜትር ውረድ ውጣ ብትለው ወይ ይፈስብሃል ወይ ይቆምብሃል። ደግሞስ ማን ቀደመ? ቦዩ መቼ ነው የተቆፈረው፣ ልጄ?»

«በ1801 እ.ኤ.አ. ነው ሥራ የጀመረው። መንገዱ የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።»

«በቃ። የመጣው እንግዳ ነው ጎንበስ የሚለው።»

ተማሪዋ ሌላም ነገረችን። ሆላንድ ውስጥ ፌሉወሜር በሚባል ሐይቅ ላይ በ2002 እ.ኤ.አ. የተከፈተ አለ። እዚያ ውሃው ድልድይ ላይ ሲያልፍ መንገዱ ከሐይቁ ወለል ዝቅ ብሎ ይገባል። የድልድዩ ርዝመት 25 ሜትር ብቻ ነው፤ ስፋቱ 19፣ የውሃው ጥልቀት 3። ሹፌሩ በስልኩ አባዛው። 1,425 ሜትር ኩብ ወጣለት። አንዱ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ነው። ጀልባ መጣም ቀረም፣ ከ1,400 ቶን በላይ ሁልጊዜ እዚያ ተቀምጧል ማለት ነው። «ለምን እንደዚያ ሠሩት ብትለኝ» አለችው፣ «የሚከፈት ድልድይ ቢሠሩ ጀልባ በመጣ ቁጥር መኪና ይቆማል። በዚህኛው ማንም ማንንም አይጠብቅም።»

ሹፌሩ ቀለበት ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ነው። ይሄ ገባው።

ግን ከዚያ ያነሳው ነገር ከሁሉም የከበደ ነበር። «ከሥር ማለፍ ደግ ነው፣ ክረምት ካልመጣ። አምና ሐምሌ አንድ ድልድይ ሥር ገባሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ጎማ የማያረጥብ መስሎኝ ነበር። መሀል ላይ ስደርስ በበሩ ገባ። ሞተሬ ጠፋ። አንዲት እናት ልጃቸውን ትከሻዬ ላይ አስቀምጠውልኝ ነው የወጣነው።»

ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን። ቡና ተቀዳ።

«እሱ የድልድዩ ጥፋት አይደለም» አሉ ጋሼ። «ዝቅ ያለ መንገድ ፓምፕ ይፈልጋል፣ የማይደፈን ቱቦ ይፈልጋል፣ በየዓመቱ ከክረምት በፊት የሚያጸዳው ሰው ይፈልጋል።»

እዚህ ላይ እኔም የማውቀውን ጣል አደረግኩ። ዌልስ ውስጥ ፖንትከሰልቴ የሚባል የጀልባ ድልድይ አለ። ቶማስ ቴልፎርድና ዊሊያም ጄሶፕ ሠርተውት በ1805 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ርዝመቱ 307 ሜትር ነው። 38 ሜትር ያህል ከወንዝ በላይ ከፍ ብሎ፣ በብረት ገንዳ ውሃ ተሸክሞ፣ ዛሬም ጀልባ ያሻግራል። የብረቱን መገጣጠሚያ በፈላ ስኳር የተነከረ የሱፍ ጨርቅ አስገብተው እንደደፈኑት ይነገራል። እኔን የገረመኝ ግን ስኳሩ አይደለም። በየጥቂት ዓመቱ ሁለቱን ጫፍ ይዘጉና ከገንዳው ሥር ያለውን ውታፍ ይነቅሉታል። ውሃው በሙሉ ወደ ወንዙ ይዘረገፋል። ከዚያ ሰው ገብቶ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ይፈትሻል። ሁለት መቶ ዓመት ያቆየው ይሄ ነው።

«እኛም ጋ ይሠራ ይሆን?» አለች ቡና የምታፈላው እህት።

ተማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ከተማዋ ከ800 ሜትር በላይ ትወርዳለች። ጀልባን ከከፍታ ወደ ዝቅታ የሚያወርደው በሁለት በር የሚዘጋ የውሃ ክፍል ነው፤ አንዱ ክፍል የሚያወርደው ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሜትር ነው። ሦስት መቶ ገደማ ክፍል መሥራት ሊኖርብን ነው። ይሄን ማንም አልተከራከረም።

እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ? በክብደቱ ልጅቷ አሸንፋለች፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ማን ለማን ጎንበስ ይበል በሚለው ደግሞ ከጋሼ ጋር ነኝ። ሹፌሩ ፍትሕ ያለው የመኪናውን ብዛት ቆጥሮ ነው። ውሃ ግን በቁጥር አይከራከርም፤ የሚሄድበትን ካልሰጠኸው ራሱ ይወስዳል። የሹፌሩን ሞተር ያጠፋው ጎርፍ እኮ አዲስ ነገር አይደለም። መንገዱ ሳይኖርም በዚያው ቁልቁለት ይወርድ ነበር። ለንደን ውስጥ መንገዱን የሠሩት ሰዎች መጀመሪያ ውሃው የት እንዳለ ማየት ግድ ሆነባቸው፤ ከፊታቸው ተዘርግቶ ነበርና። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ መንገዱ ቀድሞ ይሣላል፣ ውሃው በኋላ በጠበበ ቱቦ ይፈለግለታል። አሁን የወንዝ ዳርቻ ልማት ተጀምሯል፤ ደስ ይለኛል። የምመኘው ግን ከአበባውና ከመብራቱ እኩል የቱቦው ስፋትና የጽዳቱ ቀን እንዲታሰብ ነው። ሐምሌ ላይ ልጅ ትከሻ ላይ ተሸክሞ የሚወጣ ሹፌር እንዳይኖር።

ስንለያይ ሹፌሩ ድልድዩ ላይ ቆመ። አጥሩን ተደግፎ ወደ ታች ተመለከተ። «ጋሼ» አለ፣ «በየቀኑ አልፍበታለሁ። ይሄ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?»

ጋሼ በከዘራቸው ወደ እንጦጦ ጠቆሙት።