ከምን ላይ ነው የተቀዳው?

ነገሩን ያስነሣው ዋጋ ነው። ሸክላ የሚሰበስብ አንድ ወዳጅ አለን። ሰሞኑን ፊትና ጀርባዋ አንድ አንድ ዘፈን ብቻ የያዘች ትንሽ ሸክላ የወር ደመወዙን የሚጠጋ ገንዘብ ከፍሎባት መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና ማንም እንዳይነካት አስጠነቀቀን።

«ይሄ ዘፈን እኮ ስልኬ ላይ በነፃ አለ» አለች ከመካከላችን ታናሿ።

«ያንቺ ዘፈን ሳይሆን የዘፈን ፎቶ ኮፒ ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

ሰብሳቢው የሚለው ይህን ነው፦ ድምፅ ሞገድ ነው። ሸክላ ላይ ሞገዱ እንዳለ ተቀርጿል፣ መርፌው ያንኑ ቦይ ተከትሎ ይሄዳል። ዲጂታል ግን ሞገዱን ይቆራርጠዋል። በቁርጥራጮቹ መሀል የነበረው ድምፅ የት ገባ?

ስቱዲዮ ውስጥ ሚክስ የሚሠራ ልጅ አብሮን ነበር። ይህችን ጥያቄ ሲጠብቅ የቆየ ይመስላል። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እንዲለካ የተወሰነው በዘፈቀደ አይደለም አለ። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ 20,000 ንዝረት) ድረስ ነው የሚሰማው። ከዚያ እጥፍ በላይ ከተለካ፣ በመሀል ያለው ሞገድ ያለ ግምት ተመልሶ ይገኛል። በሒሳብ ያለቀለት ጉዳይ ነው። «ከማጫወቻው የሚወጣው ለስላሳ ሞገድ እንጂ እንደ ደረጃ የተሰባበረ ነገር አይደለም። ደግሞ አንተ በዚህ ዕድሜህ 20,000 ቀርቶ 15,000 መስማትህንም እጠራጠራለሁ።»

ሁላችንም ሳቅን። ሰብሳቢው አልሳቀም።

ልጁም አልማረውም። ሸክላ ላይ በጣም ዝቅ ባለውና በጣም ከፍ ባለው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል ቢበዛ 70 ገደማ ነው፣ በሲዲ 96 ይደርሳል። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ከግራና ከቀኝ ድምፅ ማጉያ ወደ መሀል ይሰበሰባል፤ አለዚያ መርፌው ከቦዩ ይዘላል። ወደ ሸክላው እምብርት በተጠጋ ቁጥር ደግሞ መርፌው በሰከንድ የሚሄደው ርቀት ስለሚያጥር ቀጫጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። «ሞቅ ያለ፣ ሥጋ ያለው ድምፅ የምትለው ይሄንን ነው። ጉድለት ነው። ደስ የሚል ጉድለት ነው እንጂ ጉድለት ነው።»

«እንግዲያው ጉድለቱን ለእኔ ተውልኝ!»

«ልተውልህ። ግን ሸክላህን እያጫወትክ ወደ ኮምፒውተር ቅዳው። ያ የምትወደው ሙቀት አብሮ ይቀዳል። ዲጂታል የሚበላው ቢሆን ኖሮ ቅጂው ላይ ባልተገኘ ነበር።»

ለእኔ የዕለቱ ጠንካራ ነጥብ ይሄ ነበር። ልጁ ግን በዚያ አላበቃም፣ ሞባይል ፊደሊቲ የሚባለውን የአሜሪካ ኩባንያ አነሣ። ሸክላዎቹ ውድ ናቸው፤ ሰዎች የሚገዟቸው ከማስተር ቴፕ፣ ማለትም ከስቱዲዮው የመጀመሪያ ክር፣ ያለ ዲጂታል ጣልቃ ገብነት ተቀረጹ ብለው አምነው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን ብዙዎቹ በመሀል በዲጂታል ቅጂ አልፈው እንደተሠሩ ታወቀ። ለዓመታት ጆሮ አለን የሚሉ ሰዎች እነዚያኑ ሸክላዎች ሲያሞግሷቸው ኖረዋል።

ሰብሳቢው ትንሽ ዝም ካለ በኋላ በሌላ በኩል መጣ። «እሺ፣ ታዲያ የድሮ ዘፈን አድሰን አወጣን ሲሉ ለምን ጆሮ ያደክማል? ዘፋኙ ሲያንሾካሹክና ሲጮህ እኩል ነው የሚሰማው።»

እዚህ ላይ ልጁ አንገቱን ነቀነቀ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ አሳታሚዎች ዘፈናቸው ከሌላው ጎልቶ እንዲሰማ ሁሉንም ወደ ላይ መግፋት ለመዱ። ዝቅ ያለው ከፍ ካለው ጋር ተጨፈለቀ። «ግን ያ የሰው ሥራ ነው፣ የዲጂታል ጥፋት አይደለም» አለ።

«እኔ የምሰማው ደግሞ ሰው የሠራውን ነው!»

ይህችን ነጥብ ለሰብሳቢው ሰጥቼዋለሁ።

እስካሁን ዝም ብለው የሰሙ አንድ ጋሼ ነበሩ። በካሴት ዘመን መርካቶ ሙዚቃ ቤት ሠርተዋል። «ልጆች፣ የምትጣሉበትን ድምፅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«እንዴትማ! ከማስተሩ አንድ ካሴት እንቀዳለን። ከዚያ ካሴት ሌላ። ነጋዴው ክፍለ ሀገር ወስዶ ከዚያኛው ደግሞ ሌላ ይቀዳል። የቴፑ ራስ ሳይጠረግ ወር ይሞላዋል። አንዱ ቴፕ ይፈጥናል፣ ሌላው ይጎተታል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ደግሞ ለጎረቤት ይቀዳለታል።»

ልጁ ቀጠለላቸው። የስቱዲዮ ክር አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ካሴት 4.76 ብቻ። ክሩ በቀጠነና በዘገየ ቁጥር ሽሽታው፣ ያ ከዘፈኑ ሥር ሽሽ የሚለው ድምፅ፣ ይበዛል፤ እያንዳንዱ ቅጂ የራሱን ሽሽታ ይጨምርበታል። ሲጫወት ፍጥነቱ በ6 በመቶ ገደማ ካለፈ ደግሞ ዘፈኑ በግማሽ ቶን ወደ ላይ ይወጣል። «ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛዬ አንድ የድሮ ዘፈን ከኢንተርኔት አጥንቶ ዘፋኙ ራሱ ሊዘፍነው በማይችልበት ከፍታ ይዞት መጣ። ካሴቱን ያጫወተው ቴፕ ፈጣን ነበር ማለት ነው።»

ታናሿ ስልኳን አውጥታ ዘፈኑን ፈለገች። አራት ቦታ ተጭኗል። አራቱም ላይ የዘፋኙ ድምፅ የተለያየ ነው፣ አንዱ ላይማ ልጅ ይመስላል።

እኔ የምለው ይህን ነው። በመሣሪያ ደረጃ ክርክሩ አልቋል። የድምፅ ታማኝነት ከተባለ ዲጂታል ይበልጣል፤ ሰብሳቢውም ልቡ ያውቀዋል። ግን ስልካችን ላይ ያለውን የድሮ ዘፈን «ዲጂታል» ብሎ መጥራት ብዙ አይነግረንም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ጀምሮ ያሳተማቸው ዘፈኖች ከማስተሩ ተቀድተው ከሆነ ማንኛውም ያረጀ ሸክላ አይደርስባቸውም። አምስተኛ ትውልድ ካሴት ላይ ተቀድተው፣ ከዚያ ቦታ እንዳይፈጅ ወደተጨመቀ ፋይል፣ ወደ 128 ኪሎ ቢት ኤምፒ ስሪ፣ ተጨፍልቀው ከሆነ ደግሞ የሰብሳቢው የተጫጫረች ሸክላ መቶ እጅ ትሻላለች። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ከምን ላይ እንደተቀዳ ነው።

ሸክላ ሁልጊዜ የበኩር ልጅ ነው የሚለውንም አልቀበልም። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ሆኖ የሠራው ሙዚቃ የወጣው በካሴት ነበር። አንድ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 በሸክላም ጭምር እንደገና አወጣው። የዚያ ሥራ ኦሪጅናል ካሴቱ ነው። ባሕር ማዶ ያለው አድማጭም እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን ሙዚቃችንን በብዛት ያወቀው ኢትዮፒክስ በሚባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከፓሪስ በወጡት። ዛሬ ሰው በሸክላ ዋጋ የሚሻማው ሲዲ ሰምቶ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ በየቤቱ ያለው ትልቁ የማስተር ክር ነው። ድምፁ ያለበትን የማግኔት ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ፣ በተለይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ በተሠሩ አንዳንድ ክሮች ላይ፣ እርጥበት ይስብና ይሟሟል። እንዲህ ያለውን ክር አውጥቶ ቴፕ ላይ ማጫወት ዘፈኑን ልጦ ማውረድ ነው። ባለሙያዎች መጀመሪያ 50 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት አድርቀው፣ ከዚያ አንድ ጊዜ አጫውተው በጥራት ይቀዱታል። ሽሽታውን እንኳ ለማጽዳት መቸኮል የለባቸውም፤ እሱ ነገም ይደርሳል።

ጋሼን ከሙዚቃ ቤቱ ማስተር የተረፈ እንዳለ ጠየቅናቸው። ሁለት ካርቶን አለ አሉ፣ ከአልጋ ሥር። ሚክስ የሚሠራው ልጅ ቅዳሜ ሊያያቸው ቀጠሮ ይዟል። ሰብሳቢውም እመጣለሁ ብሏል።