ዲዛይነሯ አይጧ ናት?

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ተጫዋቹና ሙከራ የማይፈራው የስካንዲኔቪያ የቤት ዕቃ ዲዛይን አድናቆት ይገባዋል።» ፊንላንድንም አብረን ቆጥረናታል። ደጋፊዋ የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ናት። ተቃዋሚው ዕድሜ ልካቸውን በእንጨት ሥራ ያሳለፉ አናጺ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

«የስካንዲኔቪያ ዲዛይን» ሲባል የሚመጣልን ሥዕል አንድ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ፈዘዝ ያለ እንጨት፣ ግራጫ ሶፋ። ቆንጆ ነው፤ ግን ይሰለቻል። እኔ የምወደው የዚያኑ አገር ቀበጦች ነው።

ዴንማርካዊውን ቨርነር ፓንተንን እዩት። በ1958 ወላጆቹ ፉን ደሴት ላይ የነበራቸውን ሬስቶራንት ሲያድስ ውስጡን ቀይ በቀይ አደረገው። ለመቀመጫ ደግሞ በሹል ጫፉ የተተከለ ሾጣጣ ወንበር ሠራ። ይኸው ወንበር ኒውዮርክ ውስጥ ሱቅ መስኮት ላይ ሲታይ ሕዝብ ተሰብስቦ መንገድ ስለዘጋ ፖሊስ አስነሳው ይባላል። ሰው ወንበር ለማየት ሲጋፋ አስቡት! በ1967 ደግሞ በስሙ የሚጠራው ወንበር ወጣ። የኋላ እግር የለውም። ጀርባው፣ መቀመጫው፣ መቆሚያው አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው።

ፊንላንዳዊው ኤሮ አርኒዮ በ1963 ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ ሠርቶ ሰው አስገባበት። ቁመቱን ለማወቅ ግድግዳ ተደግፎ ሲቀመጥ ሚስቱ ጭንቅላቱ የደረሰበትን ምልክት አደረገችለት። ኳሱ በበር እንዲያልፍም አሰበበት። ለራሱ በሠራው ኳስ ውስጥ ስልክ ሳይቀር አስገብቶበታል።

ስዊድን ውስጥ ደግሞ ፍሮንት የሚባሉ አራት ሴት ዲዛይነሮች ነበሩ። በ2003 ጥቅል የግድግዳ ወረቀት ለአይጦች ሰጡ። አይጦቹ በሉት። ወረቀቱ ሲለጠፍ በቀዳዳዎቹ በኩል የድሮው ግድግዳ ይታያል፤ ጌጡም ያ ነው። እዚህ ጋ ዲዛይነሯ አይጧ ናት። እንዲህ ያለ ድፍረት እንዴት አይደነቅም?

ተቃዋሚ

እህቴ፣ በጥሞና እያነበብኩሽ ነበር። አይጧ ጋ ስደርስ መነጽሬን አወለቅኩ።

አይጥ በየቤታችን ስትሠራ ኖራለች፣ ያውም በነጻ። መጋረጃ ሠርታለች፣ ጆንያ ሠርታለች። የአባቴን የመሬት ካርታ ሳይቀር «ዲዛይን» አድርጋለች። አንድም ሰው ኤግዚቢሽን አልጠራትም። እናቴ ወጥመድ ነው ያጠመደችላት።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ያ የፓንተን ወንበር ከ1971 ጀምሮ በረከሰ ፕላስቲክ በማሽን መሠራት ጀመረ። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ተሰነጠቀ። በ1979 ምርቱ ቆመ። እኔ ጋ እግሩ የላላ ወንበር ሲመጣ እፈታዋለሁ፣ የድሮውን ኮላ እፍቃለሁ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ። በሳምንቱ ባለቤቱ ይቀመጥበታል። የተሰነጠቀ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ማን ጋ ይወሰዳል? እስቲ ንገሪኝ።

ሰሜኖቹን አልናቅኩም። የፊንላንዳዊው አርክቴክት የአልቫር አልቶ በርጩማ አለ፣ የ1933 ሥራ። የበርች እንጨቱን እግር ጫፉን በመጋዝ ደጋግሞ ይሰነጥቀዋል። በየስንጥቁ ስስ ጣውላ በኮላ ያስገባል። ከዚያ ያጎብጠዋል። ሦስት እግር፣ አንድ ክብ መቀመጫ፣ አለቀ። ይህን ያየ አናጺ ባርኔጣውን ያነሳል። ስካንዲኔቪያ ማለት ይኸው ነው፦ እንጨት፣ ቁጥብነት፣ ጨዋነት። የቀረው ግርግር ነው።

ደጋፊ

«እንጨት፣ ቁጥብነት፣ ጨዋነት።» ጋሼ፣ የስካንዲኔቪያ መታወቂያ የሚታደለው እርስዎ ጋ ነው እንዴ?

ከእንጨት ልጀምር። የዴንማርኩ ካይ ቦየሰን በ1951 የሠራው ዝንጀሮ ከእንጨት ነው። እጅና እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ ይውላል። የልጆች ኮት እንዲሰቀልበት ታስቦ ነው የተሠራው ይባላል። እንጨት ስለሆነ ጨዋ ሆነ?

ጨዋነት ካሉ ደግሞ የራስዎን ሰው ላምጣ። አልቶ በ1936 ለመስታወት ዕቃ ውድድር ያቀረበውን ሥራ ምን ብሎ ሰየመው? «የኤስኪሞ ሴት የቆዳ ሱሪ»! ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ያ ጠርዙ የሚጠማዘዝ የአበባ ማስቀመጫ የተወለደው በዚህ ስም ነው። ቁጥብነቱ የቱ ጋ ነው?

ፓንተንም ከሰማይ አልወረደም። ወጣት ሳለ የሠራው ዴንማርካዊው አርክቴክት አርነ ያኮብሰን ቢሮ ነው፤ ጉንዳን የሚባለው ወንበር በ1952 ሲወለድ እዚያው ነበር። ጨዋ የሚሏቸውና ቀበጥ የሚሏቸው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሠሩ ነበር። ወንበሩ ደግሞ አልሞተም። በ1999 በሌላ ፕላስቲክ ተመልሶ ወጥቷል፣ ዛሬም ይሸጣል።

ተቃዋሚ

ሱሪው አሳቀኝ፣ አልዋሽም። ግን ልጄ፣ «ማን ጋ ይወሰዳል?» ብዬ ነበር የጠየቅኩሽ። «ዛሬም ይሸጣል» አልሽኝ። አዲስ መሸጥና መጠገን አንድ ሆኑ እንዴ?

ጉንዳኑን ስላነሳሽው አመሰግናለሁ። ያኮብሰን በሦስት እግር ሠራው፣ እስኪሞት ድረስም አራተኛ እግር አልፈቀደም። ከሞተ በኋላ አምራቹ አራተኛ እግር ጨመረበት። ለምን ይመስልሻል? ሰው እንዳይወድቅ ነዋ! አራተኛው እግር ለጌጥ አይጨመርም።

አንድ ነገር ደግሞ ሆን ብለሽ ዘለልሽ። የፓንተን ትልቁ ጨዋታ በ1970 ጀርመን፣ ኮሎኝ ላይ፣ ራይን ወንዝ ላይ በቆመች ጀልባ ውስጥ የሠራው ዋሻ ነው። ግድግዳው ሶፋ፣ ጣሪያው ሶፋ፣ ሁሉ ነገር ቀለም በቀለም። ከፋዩ ማነው? ባዬር፣ የኬሚካል ኩባንያው። ሰው ሠራሽ ጨርቁን ሊያስተዋውቅበት። ድፍረት የምትይው ማስታወቂያ ነበር። አይጧ ትሻላለች፤ እሷ እንኳ ከፋይ አልነበራትም።

ደጋፊ

መጀመሪያ «ልጄ» አይበሉኝ። የራሴን ቢሮ የማስተዳድር፣ ደመወዝ የምከፍል ሰው ነኝ። «እህቴ» ብለው ጀምረው መሸነፍ ሲቃረብ ልጅ አደረጉኝ።

ሦስት እግር ላይ ደግሞ እርስዎን ማስረዳት ያሳፍራል። ባለ ሦስት እግር ወንበር ያልተስተካከለ ወለል ላይ አይንገዳገድም። ባለ አራቱ ሥር ወረቀት አጥፈን የምንሸጉጠው እኮ ለዚህ ነው። የወደዱት የአልቶ በርጩማስ ስንት እግር ነበረው? ራስዎ ቆጥረውልናል።

ለመጠገን ላሉት፣ ኖርዌይን ይዩ። ፔተር ኦፕስቪክ በ1972 ትሪፕ ትራፕ የሚባል የልጅ ወንበር አወጣ። እንጨት ነው፣ በብሎን ይፈታል። መቀመጫውና የእግር ማሳረፊያው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ልጁ ሲያድግ ወንበሩ አብሮት ያድጋል። ይኸው ሰው በ1979 ጀርባ የሌለው፣ ጉልበት የሚያሳርፉበት፣ እየተወዛወዙ የሚሠሩበት ወንበር አወጣ። ጨዋታ የምለው ይህን ነው፤ ማሳቅ ብቻ አይደለም። ሰው እንደ ሐውልት ደርቆ ይቀመጥ ያለው ማነው? አርኒዮ ኳስ ውስጥ እግር ይሰቀላል፣ ይተኛል፣ ስልክ ይወራል። የእርስዎ ወንበሮች ላይ የሚቻለው አንድ ነገር ነው፤ ቀጥ ብሎ እንግዳ መጠበቅ።

ተቃዋሚ

እሺ፣ «እመቤት» ልበልሽ።

መጀመሪያ ድፍረት ይደነቅ አልሽ። አሁን የጀርባና የጉልበት ጉዳይ ሆነ። ትሪፕ ትራፕን ያመጣሽው ለእኔ ነው፤ እንጨት ነው፣ ይፈታል፣ ይገጠማል፣ ለታናሹ ይተላለፋል። ተቀብያለሁ፣ በእኔ ወገን መዝግቢው። ባዬርን ግን የት ጣልሽው?

ሦስት እግር አይንገዳገድም፣ እውነት ነው። ግን ወደ ጎን ሲያዘነብሉበት ይገለበጣል። የአልቶ ዝቅ ያለ በርጩማ ነው፣ ጀርባም የለው፤ ማን ይንጠራራበታል? ጉንዳኑ ግን የተሠራው ለኖቮ የመድኃኒት ፋብሪካ ካንቲን ነው። ካንቲን ውስጥ ማንኪያ ይወድቃል። ማንኪያ ሊያነሳ በጎኑ ያጎነበሰ ሰው እንዳይከተለው፣ እኔ ብሆን አራተኛውን እግር በመጀመሪያው ቀን እተክል ነበር።

ደጋፊ

ክርክሩ አሁን ስለ ማንኪያ ሆነ ማለት ነው። ይሁን።

ትሪፕ ትራፕን ግን አልሰጥዎትም። ያን ጊዜ ልጅ ለብቻው በልጅ ወንበር፣ አዋቂ በአዋቂ ወንበር ነበር። ሕፃኑን ከቤተሰቡ ገበታ እኩል ላስቀምጠው ያለው ሰው ቁጥብ አልነበረም፣ ደንብ አፍራሽ ነው። እርስዎ ሁልጊዜ የሚወዱት ሙከራው ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ሁሉም ከለመደው በኋላ ነው። የጀልባውን ጉዳይ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ተቃዋሚ

ሌላ ጊዜ ነዋ፣ እናውቀዋለን! ወንበሩን አልመልስም። በቁልፍ የሚፈታ ነገር ሁሉ የእኔ ወገን ነው።