ቶሮንቶ ለተገደሉት ደሴ ላይ ገዳይ ስንፈልግ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ደሴ ጭጋጓን ለብሳለች፤ የጦሳ ተራራ ከወገቡ በላይ አይታይም። ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን አምስት ሆነናል። ቡና የጠራችን የቤቱ ባለቤት፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ጋሼ፣ ፋርማሲ የምትሠራ ልጅ፣ ፒያሳ ስልክ የሚጠግን ወጣት እና እኔ። ስማቸውን አልጠራም። ክርክሩ ግን እንዳለ ይኸው።

አቦሉ ሳይቀዳ ወጣቱ ስልኩን አወጣ።

«ይሄን ሰውዬ እዩትማ» አለ።

በየተራ አየነው። ሌሊት ነው፣ መንገዱ በረዶ ነክቶታል። አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ፊቱ አይለይም። ቀኝ እግሩን ባነሳ ቁጥር ተረከዙን ወደ ኋላ ወርወር ያደርጋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ገዳዩ ይሄ ነው። ማን እንደላከውም ይታወቃል» አለን።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ባሪ ሸርማን የካናዳ ቢሊየነር ነበር። አፖቴክስ የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ በ1974 ያቋቋመው እሱ ነው። ዲሴምበር 15 ቀን 2017 ቶሮንቶ ያለውን ቤታቸውን ለገዢ ለማሳየት የገቡ ሰዎች፣ መዋኛው አጠገብ የእሱንና የባለቤቱን የሃኒን ሬሳ አገኙ። እሱ 75፣ እሷ 70 ዓመታቸው ነበር። አንገታቸው ላይ ቀበቶ ነበር፤ ቀበቶው መዋኛው ዳር ካለ ዝቅተኛ መደገፊያ ጋር ታስሯል። ፖሊስ በሩ አልተሰበረም፣ የምንፈልገው ተጠርጣሪም የለም አለ። ወዲያው ጋዜጦቹ ከፖሊስ ውስጥ ሰማን ብለው ሌላ ነገር ጻፉ፤ ባልየው ሚስቱን ገድሎ ራሱን ሳያጠፋ አልቀረም የሚል። ልጆቹ አሻፈረኝ አሉ። በራሳቸው ወጪ ሌላ ሐኪም ቀጥረው ሬሳው እንደገና እንዲመረመር አደረጉ። ጃንዋሪ 26 ቀን 2018 ፖሊስ ሁለቱም ሆን ተብሎ በሰው እጅ መገደላቸውን አስታወቀ።

ባለቤቷ በጣቷ ቆጠረች። ጀበናውን መልሳ አስቀመጠች።

«አርባቸው እስኪያልፍ ሰውየው ሚስቱን ገደለ ሲባል ከረመ ማለት ነው? ያ አላህ! ሙት ወቃሽ አያድርገን!»

በእርግጥም 42 ቀን ነው። እሷ እስክትለው ድረስ እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር። እኛ ጋ አርባ ማለት ሰው ለቅሶውን በወጉ ጨርሶ ሟቹን በደህና ቃል የሚያነሳበት ቀን ነው። እነዚያ ልጆች ግን አርባውን ያሳለፉት አባታችን ነፍሰ ገዳይ አይደለም እያሉ ሲሟገቱ ነው።

ወጣቱ ግን ይህንን ለራሱ ክርክር ወሰደው። «አያችሁ! ሁሉም ዝም ቢል ኖሮ ፖሊስ እዚያው ላይ ይዘጋው ነበር። ሰው መጠየቅ፣ መጠርጠር አለበት።» ከዚያ ግምቶቹን አወረዳቸው። ውርስ ነው። የመድኃኒት ኩባንያዎች ናቸው። የተካሰሱት ሰዎች ናቸው። ገንዘብ የተበደረው ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ቪዲዮ አለው።

የፋርማሲዋ ልጅ እስካሁን ዝም ብላ ነበር። ወደ ጋሼ ዞራ «ጋሼ፣ የግፊቱን መድኃኒት ይዘውታል?» አለች። ከኮታቸው ኪስ ያለቀ የሚመስል እሽግ አወጡ፤ ሦስት ፍሬ ቀርቶታል። ገልብጣ ለወጣቱ አሳየችው።

«አምሎዲፒን ነው። መጀመሪያ የሠራው ኩባንያ ብቻውን የመሸጥ መብቱ ሲያበቃ ሌሎች ያንኑ ንጥረ ነገር በርካሽ ይሠሩታል። ጀነሪክ የምንለው እሱ ነው። ሸርማን ሀብታም የሆነው በዚህ ነው። መብቱ አላበቃም፣ አብቅቷል እየተባለ ደግሞ በየአገሩ ክስ አለ። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ኩባንያ ሁሉ ይካሰሳል። የተካሰሰ ሁሉ ገዳይ ከሆነ እንግዲህ ስንቱን ልታስር ነው?»

ጋሼ እሽጉን ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መዝገብ ስቀበል ኖሬያለሁ» አሉ። «ሰው ፍርድ ቤት የሚመጣው እኮ ላለመገዳደል ብሎ ነው። መዝገብ መክፈቱን የግድያ ምልክት ታደርገዋለህ?»

ወጣቱ እጅ የሚሰጥ አይደለም። ብድግ አለ። «እሺ አረማመዱስ? እንዲህ የሚሄድ ስንት ሰው አለ?» ብሎ ከበሩ እስከ ረከቦቱ ተራመደ። ቀኝ እግሩን ወርወር፣ ወርወር። አስመሰለው። ሳቅን።

ባለቤቷም እየሳቀች «ውይ፣ እንዲህማ የሚሄደው የኛ ሰፈር ጥበቃ ነው!» አለች።

ሳቁ ቆመ። ሰውየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እግሩን የተመታ ነው። ክረምት ከበጋ ሌሊቱን ዱላውን ይዞ በየበራችን ሲያልፍ ኮቴውን እየሰማን ነው የምንተኛው። አንዱ ረገጥ፣ አንዱ ጎተት። ባለቤቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ጋሼ በዚህ ጊዜ ነው ሌባሻይን ያነሱት። ዕድሜያቸው አልደረሰበትም፤ ከአያታቸው የሰሙት ነው። ድሮ ሌባ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር አጠጥተው ገመድ ወገቡ ላይ ያስሩለታል። ልጁ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ሰው ሁሉ ይከተለዋል። የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ይከፍላል። መንግሥት ራሱ ኋላ ላይ ከለከለው።

«ልጁ ክፋት የለበትም» አሉ። «የሚያደርገውንም አያውቅም። ግን የወደቀበት ቤት ይጠፋል። ይሄ ስልክህ እሱን ነው የመሰለኝ።»

«ቪዲዮውን ያወጣው እኮ ፖሊስ ነው ጋሼ!» አለ ወጣቱ። «እኔ ከየት አመጣዋለሁ?»

እውነቱን ነው። በዲሴምበር 2021፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ቪዲዮውን ለሕዝብ የለቀቀው የቶሮንቶ ፖሊስ ነው። ሰውየውን ተጠርጣሪ ብሎታል፤ ስም ግን አልሰጠውም። ቤተሰቡም መጀመሪያ 10 ሚሊዮን፣ ኋላ ሌላ ተጨምሮበት እስከ 35 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሽልማት አቅርቧል። የታሰረ ሰው ግን የለም።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ። እሱ አውጫጭኝ ነው። አውጫጭኝ ሌላ ነው። አገሩ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ያየ ያየውን የሰማ የሰማውን ለእነሱ ይናገራል። ተምሎ ነው ታዲያ! ያላየ አላየሁም ብሎ ይምላል። እሱም ቢሆን ግፍ ነበረበት፤ ሥራ ፈትቶ ስንት ቀን የሚታገት ገበሬ ነበር። ግን ላላየኸው አትምልም።»

እኔም በዚህ ገባሁበት። የአትላንታው ኦሎምፒክ ትዝ አለኝ፣ በ1996። ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ከማሸነፏ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ጁላይ 27፣ እዚያ መናፈሻ ውስጥ ቦምብ ፈንድቷል። ሪቻርድ ጄዌል የሚባል ጥበቃ ቦርሳውን ቀድሞ አይቶ ሰው እንዲሸሽ ረድቷል። በሦስተኛው ቀን ጋዜጦች እሱ ራሱ ሳያፈነዳው አልቀረም ብለው ስሙን አወጡት። ጀግና ለመባል የሚጓጓ፣ ብቸኛ ሰው ነው ተባለ። አቃቤ ሕግ ነፃ እስኪለው ድረስ 88 ቀን ቤቱ በካሜራ ተከቦ ከረመ። እውነተኛው አጥፊ ኤሪክ ሩዶልፍ ተይዞ ጥፋቱን ያመነው በ2005 ነው። ጄዌል በ44 ዓመቱ፣ በ2007 ሞተ። ያኔ እንኳን ቲክቶክ የለ፣ ዩቲዩብ የለ።

«ጥበቃ ነበር?» አለች ባለቤቷ በቀስታ።

«ጥበቃ ነበር።»

ቶናው ተቀዳ። ወጣቱ ቪዲዮውን ዘጋው፣ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። በረካው ድረስ ተሟገተን። ሲወጣም «ዝምታም እኮ ይገድላል» ብሎን ነው የወጣው።

እኔ ሳስበው ያመሸሁት ይህንን ቃሉን ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ዝም ስላልተባለ ነው የሸርማን ስም የጸዳው። ግን ያጸዳው ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ይታይ። ልጆቹ እገሌ ነው የገደለው ብለው አይደለም የተነሱት። ሬሳው ይታይ፣ አሟሟቱ በባለሙያ ይመርመር ነው ያሉት። የቶሮንቶ ስታር ጋዜጠኛም ቤተሰቡ የውርስ ፋይሉ ተዘግቶ ይቆይ ሲል እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶ በ2021 ፋይሉ ክፍት ይሁን አስብሏል። እነዚህ ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ተከራክረዋል፤ ሁለቱም ግን ወረቀትና ማስረጃ ይዘው ነው። ፖሊስ ለምን ቸኮለ? 42 ቀን ለምን ፈጀ? ቪዲዮው ለምን አራት ዓመት ቆየ? እነዚህ ደሴም ሆኖ ሊጠየቁ የሚገባቸው ናቸው። እስከዚህ ከወጣቱ ጋር ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ነውር ነው። ወላጆቹን ባንድ ቀን የቀበረ ሰው፣ ስሙን ጎግል ሲያደርግ የገዳይ ዝርዝር ውስጥ ተጽፎ ያገኘዋል። ልጆቹም ነገ ያነቡታል። ጻፊው ደግሞ ያየው ነገር የለም። የሚያውቀው ሀብት መኖሩንና ክስ መኖሩን ነው። በዚህ ሚዛን ደሴ ላይ ርስት የተካሰሰ ቤተሰብ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው።

ማታ አምስት ሰዓት ግድም የጥበቃችንን ኮቴ ሰማሁ። አንዱ ረገጥ፣ አንዱ ጎተት። በሬን አልፎ ወደ ላይ ሄደ። የቶሮንቶ ፖሊስ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህን ሰው ታውቁታላችሁ ወይ ነው ያለው። እኔ አላውቀውም። ቡና ላይ የነበርነው አምስታችንም አናውቀውም።